ከሰጋቱራ የሠራሁት ግንባር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መቱ ገበያ ላይ የሚያገኘኝ ሰው፣ "ፈቃዱ፣ ለመሆኑ ያን ሁሉ ዘመን ትምህርት ቤት ውስጥ ምን ስትሠራ ነበር? አስተማሪ አልነበርክ፣ ዘበኛ አልነበርክ" ይለኛል። "ተራራ ስሠራ ነበር" እለዋለሁ። ይስቃል። እኔም አብሬው እስቃለሁ፤ ግን እውነቴን ነው። ተራራ ሠርቻለሁ፣ ገደል ሠርቻለሁ፣ ወንዝም ሠርቻለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ መሥራት ያልነበረብኝን ወንዝ ሠርቼ፣ አንዲት እናት ላሟን ሸጣ አገር ለአገር ልትንከራተት ተነሥታ ነበር። ይህን ሳልናገር ስለ ሥራዬ ተናገርኩ ማለት አይሆንልኝም።

አሁን ሥራው የለም። በየመማሪያ ክፍሉ ቴሌቪዥን ገብቷል፤ ልጆቹም ተራራውን በስልካቸው ያዩታል። የልጅ ልጄ አንድ ቀን ጎሬን ከሰማይ አሳየችኝ። ጣቷን ከፈት ስታደርገው ቤተ ክርስቲያኑ ቀረበ፣ መንገዱ ቀረበ፣ የማውቀው ዋርካ ሳይቀር ቀረበ። አልከፋኝም፤ እንዲያውም "እስቲ ድገሚው" አልኳት። ለማየት የሚጓጓ ሰው በየትም በኩል ቢያይ ምን ቸገረው።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ክልሉ ኦሮሚያ ከተባለና ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞ ከሆነ ብዙም ሳይቆይ፣ ያዮ አንድ ትምህርት ቤት ዴስክና ወንበር የሚጠግን አናጢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደሞዙ ከጨውና ከሳሙና አልፎ ለልጆቼ ደብተር ይደርስ ነበር፤ የጎደለውን የጓሮዬ ቡና ይሞላዋል። የያዮው አለቃዬ ቁጡ ነበሩ፤ ምስማር የሚሰጡኝ በመዳፋቸው ሰፍረው ነው። ወደ ቡሬ ስዛወር ያገኘሁት ደግሞ ጨዋታ ወዳድ ነው፤ አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ "ይሄን ወንበር የሰበረው ልጅ ጠባዩ ምን ይመስልሃል?" እያለ ሥራ ያስፈታኛል። ከቡሬ ወደ መቱ ሲያዛውሩኝ የመደቡኝ የመርጃ መሣሪያ ክፍል ነው። አስተማሪዎች የሚያስተምሩበትን ነገር አገር ውስጥ ከተገኘው ዕቃ የምንሠራበት ክፍል ነው፤ ከእንጨት አጽም፣ ከሽቦ ልብና ሳንባ፣ ከቆርቆሮ ሚዛን እንሠራለን።

እዚያ ነው ሃምሳ አለቃ በላቸውን ያገኘሁት። የቀድሞው ጦር ውስጥ መሐንዲስ ክፍል የነበሩ ሰው ናቸው። ሥራቸው መኮንኖች ወደ ግዳጅ ከመሄዳቸው በፊት የሚሄዱበትን አገር በአሸዋ ቀርጸው ማሳየት ነበር። ጦሩ ሲበተን የመቱ ተወላጅ የሆኑትን ሚስታቸውን ተከትለው መጥተው እዚሁ ቀሩ። መጀመሪያ የተነጋገርነውን አልረሳውም።

"ተራራ ሠርተህ ታውቃለህ?" አሉኝ።

"ተራራማ የሚሠራው እግዜር ነው፣ ሃምሳ አለቃ።"

"እሱም ቸኩሎ አልሠራውም። አንተም አትቸኩል።"

አሸዋ አይወዱም ነበር። "አሸዋ ለአንድ ቀን ነው፤ ልጆች ግን በየዓመቱ ይመጣሉ" ይላሉ። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አስተማሩኝ። በዋንዛ ጣውላ ፍሬም እንገጥምና በላዩ ኮምፔንሳቶ እንመታለን። ካርታውን በካሬ ከፋፍለን እዚያው ላይ አስፍተን እንስለዋለን። ከዚያ ምስማር ነው፤ ከፍታ ላለው ቦታ ረጅም፣ ዝቅ ላለው አጭር፣ ለሜዳው ምንም። ምስማሩ ተመትቶ ሲያልቅ ሰሌዳው ጃርት ይመስላል። አሮጌ ጋዜጣ በርሜል ውስጥ ዘፍዝፈን፣ ሲልም በሙቀጫ ወቅጠን፣ ከሰጋቱራና ከዱቄት ሙጫ ጋር እንለውሰዋለን። አይጥ እንዳይበላው የግራዋ ጭማቂ ጣል እናደርግበታለን፤ እጃችን ለቀናት ይመርራል፤ የምንጎርሰው ሁሉ ግራዋ ግራዋ ይላል። ይህን ሊጥ የምስማሩ ራስ እስኪሸፈን ድረስ እየጠቀጠቅን እንሞላዋለን። ምስማሩ ጠፋ ማለት ተራራው ቁመቱ ደረሰ ማለት ነው።

ጭንቁ ማድረቁ ነው። መቱ ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፣ ባለቤት ነው። ስንት ተራራ ሻግቶብናል፤ አንዱ ላይማ እንጉዳይ በቅሎበት ልጆች ደን መስሏቸው ነበር። ትንንሾቹን ጎረቤት ቤት ቆጥ ላይ እንሰቅላለን፤ ትልልቆቹ በጋ ይጠብቃሉ።

ሃምሳ አለቃ ሊጡ ገና እርጥብ ሳለ ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነገር ነበራቸው። ይንበረከኩና አገጫቸውን ከሰሌዳው ጠርዝ ላይ አስደግፈው አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

"ሃምሳ አለቃ፣ ጸሎት ነው?"

"ከላይ የሚያየው አሞራ ነው። ወታደር የሚያየው ከዚህ ነው። ና ተንበርከክ።"

ተንበረከክሁ። ቡጢ የምታክለው ጉብታ ሰማይ ሞላች። ከኋላዋ ያለው ሁሉ ጠፋ።

"ከጀርባዋ ምን አለ?" አልኳቸው፤ ራሴ የሠራሁትን እኮ ነው የምጠይቀው።

"ወታደሩም የሚጠይቀው እሱን ነው" አሉኝ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የጦር ሜዳ እንዲሠሩ ሲታዘዙ፣ ሌላው ሰው ምሽጉንና ጉብታውን ነው የሚያስቀድመው፤ እሳቸው ግን ተኩስ ከሌለበት፣ ከሩቁ ጥግ ነው የሚጀምሩት። "ውሃው ከየት ይመጣል? ስንቁ የት ያድራል? ቁስለኛው በየት ይወጣል?" እያሉ ለራሳቸው ያጉረመርማሉ። ቀለም ከመቀባታቸው በፊት ደግሞ አገሩን በእግሩ የረገጠ ሰው ካልጠሩ እጃቸው አይነሣም። የዴዴሳን ሸለቆ ስንሠራ አንድ የበቅሎ ነጋዴ ጠሩ። ሰውዬው ካየ በኋላ፣ "በዚህ በኩል ይሄን ያህል ገደል የለውም፤ በቅሎዬ ስትወርደው ኖራለች፤ እሷን አልሰደባችሁም?" አለ። ሃምሳ አለቃ ቢላ አንሥተው ገደሉን ፋቁት። ቅር አላላቸውም፤ እንዲያውም ሰውዬውን በየት በየት እንደወረደ ሲጠይቁት ምሳ ሰዓት አለፈ።

እንዲህ ስንሠራ፣ መምህር ቶሌራ የሚባል ወጣት የታሪክ አስተማሪ ወደ ክፍላችን መጣ። የዳሪሙ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ጠመኔ ከጣቱ የማይለይ። "ዐውደ ጦርነት ሥሩልኝ" አለን።

"የቱን ተራራ?" አልኩት።

"ተራራ ብቻ አይደለም ጋሽ ፈቃዱ። ሰዎች የሚታኮሱበት ቦታ ዐውደ ውጊያ ነው። ዐውደ ጦርነት ከዚያ ይሰፋል፤ ጦሩ የሚሰለፍበት፣ የሚመላለስበት፣ የሚቀለብበት አገር በሙሉ ነው። ወንዙም፣ ድልድዩም፣ ወደቡም፣ ጎተራውም። አንድ ጦርነት እንዲህ ያለ ሁለትና ሦስት ዐውድ ሊኖረው ይችላል፤ ለየራሳቸው አዛዥና መንገድ ያላቸው። የታሪክ ሰዎች ለይተው የሚያጠኑት አንዱ ጋ የሆነው ሌላው ጋ ምን እንዳመጣ ለማወቅ ነው።"

ራሴን ነቀነቅሁ፤ ግን አልገባኝም። ሃምሳ አለቃ ፊቴን አይተው አወቁ።

"ፈቄ፣ ሠርግ የሚደረገው የት ነው?"

"ዳስ ውስጥ።"

"ጠላው የት ተጠመቀ?"

"ጓሮ።"

"ሙሽራዋ በየት መጣች?"

"በመንገድ ነዋ!"

"ጎርፍ ድልድዩን ቢወስደውስ?"

"ሠርግ የታለና!"

"በቃ። ዳሱ ውጊያው ነው። ሠርጉ ግን ሰፈሩ በሙሉ ነው። ዳስ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሠርጉ ዳሱ ብቻ ይመስለዋል።"

መምህር ቶሌራ ሳቀ። "ይህችን ነገ ክፍል ውስጥ እሰርቅዎታለሁ" አላቸው። ሰረቀም፤ ልጆቹ ሲደግሙት ሰምቻለሁ።

መጀመሪያ የሠራንለት የገዛ አገራችንን ነው። እኔ ጦርነት የሰሜን ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ በጣልያን ጊዜ ማብቂያ ላይ ከኮንጎ የመጡ ወታደሮች ሱዳንን አቋርጠው በጋምቤላ በኩል ወደ ደጋው ወጥተዋል፤ የእኛም አገር የዚያ ታላቅ ጦርነት አንድ ዐውድ ነበር። መምህሩ ይህን ሲነግረን ሃምሳ አለቃ፣ "ሄደን እንየው" አሉ። ቡሬ ወርደን፣ ደጋው አልቆ የጋምቤላ ቆላ እንደ ባሕር የሚዘረጋበት ዳገት ላይ ቆምን። አንድ ሽማግሌ አገኘን።

"አባ፣ ስለነዚያ ወታደሮች ሰምተዋል?" አላቸው መምህሩ።

"አባቴ ያወራ ነበር" አሉ። "ጣልያን የት ነው ከማለታቸው በፊት በቆሎ የት ነው ይሉ ነበር ብሎናል።"

መምህሩ ወደ እኛ ዞረ። "ባሮ ጀልባ የሚሸከመው ክረምት ሲሞላ ነው። ሲጎድል ስንቁ ከኋላ ይቀራል" አለ። ሃምሳ አለቃ ቆላውን አዩና፣ "እንግዲያው ከባሮ እንጀምራለን" አሉ።

ያ ሥራ ቀናን። የባሮን፣ የሶርንና የገባን ወንዞች፣ ወደነሱ የሚገቡትንም ጅረቶች ሁሉ ሰማያዊ ቀባሁ። ስለ ጅረት ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ኢሉባቦር ውስጥ ሸለቆ ካለ ውሃ አለ። የጎሬና የቡሬ ሰው እየመጣ በጣቱ ቤቱን ይፈልግ ነበር። ስሞቹን በቁቤ የሚጽፍልን አንድ የቋንቋ አስተማሪ ነበር፤ ሰው እየመጣ "የኛን ሰፈር ረሳችሁ" ሲለው እጁ እስኪዝል ጻፈ።

ከዚያ በኋላ ሃምሳ አለቃ ታመሙ። ሴት ልጃቸው ጅማ ወሰደቻቸው፤ እዚያው ዐረፉ። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ።

መምህር ቶሌራ ያን ጊዜ የድንበሩን ጦርነት እያስተማረ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ከኛ አካባቢም ብዙ ልጅ ሄዷል። ከግንባሮቹ አንዱ ቡሬ ነው፤ የኛ ቡሬ አይደለችም፣ በአፋር በረሃ በአሰብ መንገድ ላይ ያለችው ናት። "ይህን ለወላጆች ቀን ላሳይ" አለኝ። ጊዜው አጭር ስለነበረ የምሽጉን አካባቢ ብቻ እንድሠራ ተስማማን፤ የኋላው መንገድ ለከርሞ ይቆይ አልን። ስለዚህ ከጉብታዎቹ ጀመርኩ። ካርታው ላይ በየሸለቆው የተቆራረጡ ቀጫጭን መስመሮች ነበሩ። ጅረት ናቸው ብዬ ሁሉንም ሰማያዊ ቀባኋቸው። መምህሩም አይቶ፣ "እጅዎ አሁንማ ከሃምሳ አለቃ አያንስም" አለኝ። ደስ አለኝ። የረገጠ ሰው መጥራት ትዝ አላለኝም። በዚያ ላይ ያ ሰው ሩቅ አልነበረም፤ ሸምሱ የሚባል የስልጤ ልጅ፣ አውቶቡስ ተራ አጠገብ መለዋወጫ የሚሸጥ፣ በዚያ ግንባር የውሃ ቦቴ ሲነዳ የነበረ።

የወላጆች ቀን ሰው ሰሌዳውን ከቦ ሲያደንቅ፣ አዴ ድንቂቱ መጡ፤ አዴ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው። ከዳሪሙ ናቸው፤ የልጃቸው ልጅ እኛ ጋ ይማራል። ገመቹ የሚባል ሌላ ልጃቸው ከሸምሱ ጋር ቦቴ ሲነዳ እዚያ ግንባር ነው የሞተው። መርዶው ሲመጣ አልቅሰዋል፤ ኋላም ሸምሱ ዳሪሙ ድረስ ሄዶ፣ "ለወገን ውሃ ሊያደርስ ሄዶ ነው የሞተው" ብሎ ነግሯቸው ልባቸው ትንሽ አርፎ ነበር። ይህን ሁሉ ሰው ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር።

ሰሌዳውን ብዙ አዩት። ጣታቸውን ሰማያዊው ላይ አኖሩና በኦሮምኛ፣ "ቢሻን ኩን ማሊ?" አሉኝ፤ ይህ ውሃ ምንድን ነው ማለታቸው ነው።

"ጅረት ነው አዴ።"

"ይሄኛውስ?"

"እሱም ጅረት ነው።"

"ልጄ የሞተበት ቦታ ይሄ ነው?"

"አዎ፣ ይህ የቡሬ ግንባር ነው።"

እጃቸውን ሰበሰቡ። "በየጉድባው ውሃ እየወረደ፣ ልጄን ከሩቅ ውሃ ጭነህ ና ብሎ የሚልክ ማን ነው?" አሉኝ። ሌላ ሰው ጠርቶኝ ዞር ስል ሄደዋል።

ሳምንት ሳይሞላ ጓዛቸውን በጨርቅ ቋጥረው ክፍሌ በር ላይ ቆሙ። ላማቸውን ሸጠዋል።

"ወዴት ነው አዴ?"

"ልጄን ልፈልግ። ሸምሱ አዝኖልኝ ነው የዋሸኝ። ውሃ ባለበት ውሃ የሚያመላልስ የለም። ተማርኮ ይሆናል። ታሞ አንድ ቤት ተኝቶ ይሆናል። የሚጠይቀው እንኳ የለ!"

"አዴ፣ እዚያ እኮ ሩቅ ነው፤ በረሃ ነው…"

"በረሃ? ራሳችሁ ሠርታችሁ አሳይታችሁኝ? ከዳሪሙ የባሰ ውሃ አይቼበታለሁ።"

ወንበር ሰጥቼ አስቀመጥኳቸውና ወደ ሸምሱ ሱቅ ሮጥኩ፤ ያን ዕድሜ ይዤ መሮጥ እችል ነበር ማለት ነው። መምህር ቶሌራንም በመንገድ ጠራሁት። ሸምሱ መጥቶ ሰሌዳውን አየ። ዞረው። አንዴ ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን ዋጠው።

"ጋሼ፣ ይሄን የሠሩት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"ይሄን ያህል ውሃ ቢኖርማ እኔም እዚያው ቡና ተክዬ እቀር ነበር።"

መምህር ቶሌራ የካርታውን መጽሐፍ ገልጦ ግርጌውን አነበበ። የተቆራረጠው መስመር ዝናብ ሲጥል ብቻ ውሃ የሚያልፍበት ደረቅ ጉድባ ማለት ነው። መጽሐፉን ዘጋና፣ "እኔም እኮ አይቼው ነው ያለፍኩት" አለ። "ሸለቆ ካለ ውሃ አለ ብዬ። ሁላችን የዚህ አገር ሰዎች!"

ነገሩ እንዲህ ቀላል መስሎኝ አዴ ፊት ቆምኩና፣ "አዴ፣ ተሳስቼ ነው። እዚያ ውሃ የለም" አልኳቸው።

ወደ ላይ አዩኝ። "አለ ያልከኝ አንተ፣ የለም የምትለኝም አንተ። የቱን ልመን?"

ሸምሱ ሊናገር አፉን ሲከፍት እጃቸውን አነሡበት። "አንተ ዝም በል። አንተ ደግ ልጅ ነህ። ደግ ሰው ለእናት ይዋሻል።"

እንዲህ ያለ ነገር ምን ይባላል? ሃምሳ አለቃ ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር ብዬ አሰብኩ። ምንም አይሉም ነበር፤ ምስማር ያነሡ ነበር።

"አዴ፣ እንደገና ልሥራው" አልኳቸው። "ግንባሩን ብቻ አይደለም፤ ከኋላ ጀምሬ መንገዱን በሙሉ። አይተው ካላመኑ እኔ ራሴ አውቶቡስ ላይ አሳፍርዎታለሁ።"

አሰቡበት። መቱ ላይ የእህታቸው ልጅ አለች፤ እሷ ጋ እንደሚያርፉ ነገሩን። "ግን ቶሎ" አሉኝ። "ልጄ ቆይቷል።"

አሁን ከሩቁ ጥግ ጀመርኩ። ሦስት ሰሌዳ ገጣጠምኩ፤ ከኮምቦልቻ ቁልቁል በባቲ ወደ ሚሌ፣ ከሚሌ ወደ ሎጊያ፣ ከዚያ በማንዳ አድርጎ ቡሬ የሚገባውን መንገድ ሁሉ። ሸምሱ ሱቁን በቀን በቀን ለወንድሙ እየተወ ይመጣ ነበር። አገጩን ጠርዙ ላይ አስደግፎ፣ "እዚህ ጋ ዝቅ… እዚህ ጋ ድንጋዩ ጥቁር ነው ጋሼ፣ እንደተቃጠለ ዳቦ" ይለኛል። ከሰል ፈጭቼ ነሰነስኩበት። ረጅም ምስማር ብዙ አልፈጀብኝም፤ አገሩ ዝርግ ነው፣ የሚያደክመው ርዝመቱ ነው። ሰማያዊውን ቀለም ለአዋሽና ለሚሌ ብቻ ነካሁት። ከአዋሽ ወዲያ የቀለሙን ቆርቆሮ ከደንኩት። ያን ጊዜ ነው መምህሩ ስለ ዐውደ ጦርነት ያለው ነገር በትክክል የገባኝ። ምሽጉን ብቻ ስሠራ ጦርነቱ ጉብታ የመያዝና ያለመያዝ ነገር ነበር። መንገዱ ሲጨመርበት አንድ ጆንያ ዱቄትና አንድ ቦቴ ውሃ ጉብታውን የሚያክሉ ሆነው ታዩኝ። መምህሩም እየመጣ ያይና፣ "እዚህ ግንባር ያለ አዛዥ ጥይት ከመቁጠሩ በፊት ውሃ ይቆጥራል" ይል ነበር።

ሊጡ ገና ሳይደርቅ፣ የግራዋ ሽታው ሳይወጣ፣ አዴ ድንቂቱ መጡ። ጓዛቸውን ይዘው ነው የመጡት፤ የአውቶቡሱ ቀን ነበር። ሸምሱ ጣቱን ሎጊያ ላይ አኖረ።

"ውሃ የምንቀዳው በዚህ በኩል ነው አዴ። ከዚህ ወዲያ ምንም የለም።" ጣቱን ቀስ እያደረገ ገፋው። "እዚህ ጎማ ይፈነዳብናል። እዚህ ነፋሱ እሳት ነው። እዚህ ዳገቷ ጋ ደግሞ ሁልጊዜ እንቆማለን።"

"ለምን?" አሉ አዴ።

ሸምሱ ትንሽ አፈረ። "ክልክል ነበር። ግን አንዲት አሮጊት የአፋር ሴት ስልቻ ይዘው መንገድ ዳር ይቀመጣሉ። ገመቹ ሳይሞላላቸው አያልፍም። እኔ ከኋላው ጥሩምባ እነፋለሁ፣ እሱ…"

"'ጥሩምባህን ንፋው፣ እናቴ ናት' ይልሃል" አሉ አዴ።

ሸምሱ ጣቱን አነሣ። "እንዴት አወቁ?"

"ለፈቃድ ሲመጣ ነግሮኛል። 'እማ፣ አንቺን የምትመስል ሴት በረሃ ውስጥ አገኘሁ' አለኝ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።" ጎንበስ ብለው ዳገቷን በሌባ ጣታቸው ነኩ። እርጥብ ስለነበረች የጣታቸው ምልክት ቀረባት። ከዚያ መንገዱን ራሳቸው ያዙት፤ ወደ ግንባሩ ሄዱ፣ ወደ ሎጊያ ተመለሱ፣ ደግሞ ሄዱ።

"ሸምሱ።"

"አቤት አዴ።"

"አንድ ነገር ሳልጠይቅህ ኖሬያለሁ። መንገዱን ስለማላውቀው መጠየቁን አላወቅኩበትም። ልጄ የሞተው ሲሄድ ነው ሲመለስ?"

ሸምሱ ከማንዳ ወዲህ አንድ ቦታ ላይ ጣቱን አስቀመጠ። "እዚህ ነው። ሲመለስ።"

"ቦቴው?"

"ባዶ ነበር።"

"ሁሉንም አድርሶ?"

"ሁሉንም አድርሶ ነው አዴ። እኔ ኋላው ነበርኩ። ወታደሩ በጀሪካን፣ በቆብ፣ በእጁ ሳይቀር ሲቀዳ አይቼ ነው የተነሣነው።"

አዴ ድንቂቱ ቀና አሉ። "እንግዲያው ጠጥተዋል" አሉ።

"ጠጥተዋል አዴ።"

ጓዛቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ነጠላቸውን ገፈፉና፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረው፣ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ለበሱት። ክፍሌ ሊጠገን በመጣ ወንበር የተሞላ ነበር። እሳቸው ግን መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እኛም ሦስታችን አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥን።